ከካሴት ወደ ዲስክ፣ ለእማዬ

ጥቅምት 4
ከሥራ መልስ ዳቦ ገዛሁ። የካሴት ማጫወቻውን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኘውንም ሽቦ። ስድስት የቤት ቪዲዮ አለን፤ ካሴቶቹ አርጅተዋል። የእማዬ ዲቪዲ ማጫወቻ ደህና ነው፤ ዓይኗ ነው እንጂ... ሐኪሙ «ብታይ እስከ ጥር ነው» አለኝ። አባዬን ካጣነው ዘጠኝ ዓመት። እስከዚያ ደጋግማ ትየው። ይህን እንኳ ላድርግላት።

ጥቅምት 9
የአንድ ሰዓት ካሴት ለመገልበጥ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ማቻኮል የለም። ዛሬ የሰባተኛ ዓመት ልደቴን ካሴት ገለበጥኩ። እማዬን ከጎን ባለው ክፍል ሸለብ ስላደረጋት ድምፁን ዘግቼ። አባዬ ጉድ ነው! እንግዶቹን ሸኝቶ ሲመለስ ካሜራውን ሳያጠፋ ወጥ ቤት ወንበር ላይ ጥሎታል። ዐሥራ አንድ ደቂቃ ሙሉ የጠረጴዛ እግር። ቆርጬ ጣልኩት።

ጥቅምት 12
ማጫወቻው ዲስኩን እምቢ አለ። የቢሮ ባልደረባዬ ሳቀችብኝ። «ፋይሉን እንዳለ ነው እንዴ ዲስኩ ላይ የጫንሽው? እሱ እኮ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው የሚከፈተው። መጀመሪያ ወደ ዲቪዲ ፎርማት ቀይሪው!» ለካስ! ቀየርኩ። ኮምፒውተሩ ቦታ ስለጠበበው ያልተቆረጠውን ቅጂ አጠፋሁት።

ጥቅምት 15
ሠራ!! እማዬ ቴሌቪዥኑን በአፍንጫዋ ልትነካው ምንም አልቀራት። ሳቀች፣ አጨበጨበች። ሲያልቅ ግን...
«ዕቃ ስናጥብ ያለውስ?»
የምን ዕቃ?
«እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ፣ እኔና አባትሽ።»
ያ የጠረጴዛ እግር! መጣሌን ነገርኳት። «ይሁን ልጄ፣ ብዙ ደክመሽበታል» አለች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥቅምት 16
እንደገና ልገለብጥ ካሴቱን ብከተው ማጫወቻው ቆረጣጠመው። ጥራት እወዳለሁ ባይዋ እኔ... ምን ቆርጦኝ ነው የቆረጥኩት?

ጥቅምት 20
ሰፈሩ «ጋሼ ብሎን» የሚለው ራዲዮ ጠጋኝ ካሴቱን ፈታታው። የተጨማደደውን ቆርጦ ጫፍና ጫፉን በስስ ፕላስተር ቀጠለ። «አራት ሰከንድ ብትሄድብሽ ነው። አንድ ጊዜ ገልብጪና ሁለተኛ እንዳታጫውቺው።» እጁን ልስመው ምንም አልቀረኝ። ዕድሜ ይስጠው።

ጥቅምት 21
ተገለበጠ። ዛሬ ድምፁን ከፍቼ ሰማሁት። አባዬ... ውሃ ለራሱ ቀድቶ የማያውቀው አባዬ ሳህን ያጥባል!
«ቁጭ በይ አልኩሽ እኮ። ከጠዋት ጀምሮ ቆመሻል።»
«ሰው ቢያይህስ?»
«በሩን ዘግቼዋለሁ።»
የሆነ ነገር ተሰበረ። እማዬ ሳቀች... እንዲህ ስትስቅ ሰምቼ አላውቅም። ከዚያ እሱ ቀስ ብሎ፦
«ይህችን ልጅ ለዚህ ያበቃሽልኝ አንቺ ነሽ። መናገሩን አልችልበትም እንጂ... አውቃለሁ።»
ኮስታራ ነበር የምለው። ስንት ዓመት! አለቀስኩ፤ ደስ ብሎኝ ነው። ተመስገን።

ጥር 8
ስድስቱም ዲስኮች አለቁ፤ ከጋሼ ብሎን አራት ሰከንድ በቀር አንዷም ሰከንድ አልተቆረጠች። የእማዬ ዓይን አሁን ብርሃንና ጥላ ቢለይ ነው። ሪሞቱን በጣቷ ዳብሳ ታገኘዋለች። ዛሬ ከሥራ ስገባ ያንኑ የዕቃ አጠባውን ከፍታ ፈገግ ብላለች። ጎኗ ተቀመጥኩ።
«አሁን ምን ይታያል?» ብላ ጠየቀችኝ።
«የጠረጴዛ እግር።»
«እንግዲያው ምንም አልቀረብኝም» አለች።