የራቢያብ ደም መልስ

ሰኔ 3
ዝናብ። ሞተር ሳይክሌ አልነሳ አለችኝ፣ ዘግይቼ ደረስኩ። መምህራችን አጃን ዊሩት ሰዓታቸውን አሳዩኝ። ከሚቆጡኝ ይኼ ይብስብኛል።

ከሰዓት ፓ ቡንሎም መጡ፣ በኛ ወግ «አክስት» ቡንሎም። እዚህ ኮን ኬን ከተማ ገበያ ውስጥ የፓፓያ ሰላጣ የሚሸጡ ሴት ናቸው። ቀኝ ጉንጫቸውን ንፋስ ሲነካው እንኳ ኤሌክትሪክ እንደያዘው ሰው ይንቀጠቀጣሉ። የፊትን ስሜት የሚሸከመውን ነርቭ ደም ቅዳ ተጭኖታል፣ የጭንቅላታቸው ፎቶ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። መድኃኒቱ አዞራቸው እንጂ ሕመሙን አልያዘላቸውም። ቀዶ ሕክምና ብቻ ነው የቀረው።

«የራሴን ሰላጣ ጎረቤቴ እየቀመሰችልኝ ነው የምሸጠው» አሉኝ፣ አፋቸውን በግማሽ ከፍተው። «እሷ ደግሞ ምላስ የላትም። ደንበኞቼን በጨው ፈጀቻቸው።»

ሳቅኩ። እሳቸውም ሊስቁ ብለው... ፊታቸውን ያዙ፣ እንባቸው ወረደ። ሰው በገዛ ሳቁ ይቀጣል?

ሰኔ 5
ጠዋት ከታላቋ መምህሬ ጋር። ስማቸው ጠረጴዛው ራስጌ ተጽፏል፦ ራቢያብ። በሕይወት ሳሉ የተማሪ ዩኒፎርም ሰፊ ነበሩ። ስሞት ሰውነቴ ለሐኪሞች መማሪያ ይሁን ብለው ራሳቸው ነው የፈረሙት፤ እዚህ እንዲህ ያሉትን ታላቅ መምህር እንላቸዋለን። አበባ አኖርኩ፣ መዳፎቼን አጋጥሜ እጅ ነሳሁ። «ዛሬ ከቀኝ ጆሮዎ ጀርባ እገባለሁ፣ ይፍቀዱልኝ።» እዚህ ሳይነገራቸው ቢላ አይነሳም።

የምፈልገው አንዲት ደም መልስ ነው። ወደዚያ ነርቭ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገተራለች። አንዳንዱ ሐኪም ቆርጧት ያልፋል፣ ምንም አይመጣም ይላል። ሌላው ቆርጧት አንጎል ሲያብጥ አይቷል። የትኛዋ ትቆረጣለች? የትኛዋ አትነካም? ጥናቴ በሙሉ ይኸው ነው።

ሰኔ 13
አበላሸሁ።

ደም መልሷ በሰማያዊ ቀለም ተሞልታ ነርቩን ከልላብኝ ነበር። ቸኮልኩ። ቆረጥኳት። አልደማም... ምን ይደማል? ነርቩ ታየኝና ደስ አለኝ። የደነገጥኩት ቅርንጫፎቿን ወደ ኋላ ስከተል ነው። የዚያ ሰፈር ደም ሁሉ በእሷ ብቻ ነበር የሚወጣው። ሌላ መውጫ የለም። በሕይወት ያለ ሰው ቢሆንስ ኖሮ?

ለአጃን ዊሩት ነገርኳቸው። «ለኔ ምን ትነግሪኛለሽ?» አሉ። «የቆረጥሽው የኔን ነው?»

ተመልሼ ከጠረጴዛው አጠገብ ተንበረከክኩ። ድምፄን አውጥቼ ይቅርታ ጠየቅኩ። ጓደኞቼ ሰሙኝ፣ ማንም አልሳቀብኝም።  ራቢያብ ይቅር ያሉኝ መሰለኝ... ወይ እንዲመስለኝ ፈልጌ ነው።

ሰኔ 20
አሁን በግራ በኩል። ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ፣ ቀስ ብዬ፣ ምንም ሳልቆርጥ። እዚህ ደሙ ሌሎችም መውጫዎች አሉት! የአንድ ሰው ቀኝና ግራ እንኳ አይመሳሰልም። ይኼን የትኛው መጽሐፍ ይነግረኝ ነበር?

ሐምሌ 7
ፓ ቡንሎም ሆስፒታል ተኝተዋል። ቀዶው ነገ ነው።

«ዶክተርዬ፣ ጆሮዬን እንዳታደነቁሪብኝ። ደንበኛዬ ስንት ቃሪያ እንደሚፈልግ ካልሰማሁ ምን ዋጋ አለኝ?»

ቃል ልግባላቸው? አልገባሁም። «እጠነቀቃለሁ፣ ፓ» ብቻ።

ሐምሌ 8
ትከሻዬ ደንዝዟል፣ ግን ልጽፈው ይገባል።

ትንሹን አንጎል ገለል ስናደርግ፣ ደም መልሷ እዚያ ነበረች። ወፍራም፣ አንድ ግንድ፣ ነርቩ ፊት ተጋድማ። አወቅኳት! ቁርጥ የራቢያብ ቀኝ።

«እንቁረጣት?» አሉ አጃን ዊሩት ከጎኔ። ሊፈትኑኝ ይሁን ከልባቸው፣ አሁንም አላውቅም።

«አይ፣ አጃን። ሌላ መውጫ ያለ አይመስለኝም። በሥሯ ልሞክር።»

«ጊዜ ይፈጃል።»

«ይፍጅ።»

እንዲህ አልኳቸው? እኔ? ለሳቸው?

ስሱን ሽፋን እየለየሁ በሥሯ ገባሁ። ደም ቅዳው ነርቩን ረግጦት ቆሟል። አነሳሁት፣ መሃላቸው ጥጥ የመሰለች ትንሽ ትራስ አስገባሁ። ጆሯቸውን የሚከታተለው ማሽን ደህና ነው አለ። ደም መልሷ እንደነበረች ናት።

ልንዘጋ ስንል አጃን «ማን አስተማረሽ?» አሉኝ። መልሱን ያውቁታል።

ሐምሌ 9
ነቁ። ጣቶቼን በቀኝ ጆሯቸው አጠገብ አፋተግኩ። «እሰማሻለሁ እኮ፣ ምን ትቧጥጫለሽ?» አሉኝ። ከዚያ ጉንጫቸውን በጣታቸው ነኩ። ፈሩ። ደግመው ነኩ። መዳፋቸውን እዚያው አሳረፉት።

መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ተመስገን፣ ተመስገን።

ሐምሌ 14
ፓ ቡንሎም ወደ ቤት። አመስግነው አልጠግብ ሲሉኝ አላስቻለኝም፣ ስለ ራቢያብ አወጋኋቸው።

«ቤቷ የት ነው? ሰላጣ ልውሰድላት።»

«ሞተዋል፣ ፓ።»

«ታዲያ እንዴት አድርጋ አስተማረችሽ?»

ከነጥፋቴ ሁሉንም ነገርኳቸው።  «አስከሬኗ ሲሸኝ ጥሪኝ» አሉ።

ጥቅምት 12
ራቢያብን ሸኘናቸው። ሳጥኑን እኛው፣ ተማሪዎቻቸው ተሸከምን። አስከሬናቸው በእሳት ከመቃጠሉ በፊት፣ እዚህ ለሟች የሚቀመጠውን ከእንጨት የተሠራ አበባ ሳኖር «ስለ ቀኙም ስለ ግራውም አመሰግናለሁ» አልኳቸው።  እሱ ይበቃል።

ቤተ መቅደሱ ግቢ ውስጥ ልጃቸው ታኖንግ ቀረበኝ። የባንኮክ መስመር አውቶቡስ ሹፌር ነው። እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው ጠፍቶት ቆመ።

«እናቴ... በደንብ አስተማረች?»

ትልቅ ትልቅ ቃል ስፈልግ ፓ ቡንሎም ቀደሙኝ። ጥቁር ለብሰው፣ የሰላጣ ሳህን ይዘው መጥተዋል። ከሰላጣው በጣታቸው አነሱ፣ ድሮ በሚያማቸው በቀኝ በኩል ቀረጠፉት። ድምፁ ለኔም ተሰማኝ።

«ስማ እስቲ፣ ልጄ» አሉት። «ይኼ የእናትህ ሥራ ነው። በል ብላ።»

ታኖንግ ጎረሰ። ሳቀ፣ ከዚያ አለቀሰ፣ ከዚያ በክንዱ ፊቱን ጠረገ።

«ፓ፣ ጨው በዝቶበታል።»

«እንዴት ይበዛበታል?» አሉ ፓ ቡንሎም ተቆጥተው። «ራሴ እኮ ነኝ የቀመስኩት!»