ታርቀናል ላሉት እንደራሴያችን

ይህን ደብዳቤ የምትጽፈው ልጄ ፎሎሌ ናት፤ ብዕሩ የእሷ፣ ቃሉ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ የእኔ የማላኤቲያ ነው። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም።

ለተከበሩ የወረዳችን እንደራሴ፤

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ባለቤትዎስ? አዲሷ የልጅ ልጅዎስ? ባለፈው ቅዳሜ በደጄ ጠጠር ላይ አንድ ሰዓት ያህል ተቀምጠው ስለነበር ጉልበትዎ ክፉኛ አሳስቦኛል። ትናንት በሬዲዮ «ከማላኤቲያ ቤተሰብ ጋር በባህላችን መሠረት ታርቀናል» ሲሉ ሰማሁ። ስለ ምሥራቹ አመሰግናለሁ፤ ሬዲዮው ባይነግረኝ ኖሮ መታረቄን አላውቅም ነበር።

አሁን ከክብርዎ ፊት ቅሬታዬን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ። በወደቡ ምረቃ ላይ «የፋጋቶሎ መንደር ነርስ ቴርሞሜትር የምታነበው አባቷ ጋዜጣ እንደሚያነበው ነው፤ ገልብጣ!» አሉ። ሕዝቡም ሳቀ። እውነት ለመናገር ቀልዱ አይከፋም፤ በሌላ ሰው ላይ ቢሆን እኔም እስቅ ነበር። ጋዜጣ ገልብጬ መያዜም ሐሰት አይደለም፤ የምይዘው ዝንብ ለመግደል ነው። ልጄ ግን አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የዚህን መንደር ሕፃናት ስትመዝንና ስትከትብ አንድ ቁጥር አልሳተችም። ከንግግርዎ በኋላ እናቶች «ፎሎሌ፣ እስቲ ገልብጠሽ እይው!» እያሉ ይቀልዱባት ጀመር፤ ቀልዱ ሲሰለቻቸው ደግሞ መምጣቱን ተዉት። ባለፈው ሳምንት የጎረቤታችን የላጊማውአ ሕፃን በትኩሳት እየነደደ በደጃችን አልፎ፣ በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት ተጉዞ ሌላ ጤና ጣቢያ ተወሰደ። ፎሎሌ በሩ ላይ ቆማ አየችው። እስከ ወሩ መጨረሻ ታካሚ ካልተመለሰ ጤና ጣቢያችን ይዘጋል፣ እሷም ወደ ሌላ ደሴት ትዛወራለች ተብሏል። ሕዝቡን ስላሳቁልን እግዚአብሔር ይስጥልን።

ሁለተኛ። «አፌን አዳልጦኝ ነው፤ ያ ንግግር እኔን አይገልጸኝም» ብለዋል። ይሁን። እኔም በዕድሜዬ አሳማ ሰድቤያለሁ፣ አማቼን ሰድቤያለሁ፣ አንድ ጊዜም ፓስተራችንን ሰድቤያለሁ። ተቆጥቼ ነበር፤ ሲበርድልኝ አፈርኩ። እርስዎ ግን አልተቆጡም። ጥሩ ምሳ በልተው፣ አንገትዎ ላይ የአበባ ጉንጉን ተደርጎልዎ፣ እየሳቁ ነው የተናገሩት። ሰክረው ነው እንዳልል የጠጡት የኮኮናት ውሃ ነው። ታዲያ እርስዎ ካልነበሩ፣ በእርስዎ አፍ የተናገረው ሰውዬ ማን ይባላል? አድራሻውን ቢልኩልኝ ለእሱም እጽፍለታለሁ።

ሦስተኛ ምንጣፉ ነው፤ ይሄ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። በባህላችን በደለኛ በምርጥ ምንጣፍ ተሸፍኖ በተበዳይ ደጅ ይቀመጣል፤ ተበዳዩ ምንጣፉን ካነሳለት ታርቀዋል፣ ካላነሳለት ፀሐይ ቢያቃጥልም ዝናብ ቢወርድም ይቀመጣል። እንደ ረሱት ስለገባኝ ነው የማስታውስዎ። ቅዳሜ ሲመጡ ግን ልቤ ራርቶልዎ ነበር፤ አልደብቅም። የአጎቴ ልጅ ፔኒአሚናም «ኧረ አንተ ሰውዬ፣ አንሳለት! በቅጠል እንደተጠቀለለ ዓሣ ሊበስል ነው እኮ!» እያለ ይጨቀጭቀኝ ነበር። ቀስ ብዬ ወጣሁና አጠገብዎ ደረስኩ። እጄን ወደ ምንጣፉ ስዘረጋ ስልክዎ ነዘረ።

«አዎ፣ እዚሁ ነኝ» አሉ በሹክሹክታ። «መርከቡ እንዳያመልጠኝ መኪናውን አዙረህ ጠብቀኝ። ሽማግሌው ሰዓቱንም ገልብጦ እያነበበ ነው መሰለኝ።»

ከዚያም ሳቁ። ምንጣፉ ሲንቀጠቀጥ አየሁት። ፔኒአሚና ግን የሚያለቅሱ መስሎት ነበር።

እጄን መለስኩ። ጥቂት ቆይተው ምንጣፉን ራስዎ ገፈፉት፣ ሊያስታርቅ የቆመውን ፓስተራችንን ጨበጡ፣ ይዘውት ለመጡት ካሜራ ፈገግ አሉና ሄዱ። በሰባ ዘጠኝ ዓመቴ ሰው ራሱን ይቅር ሲል ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ፎሎሌ «አባዬ፣ የምንጣፉን ነገር እንተወው፤ ሰው ይስቅብናል» አለችኝ። ከዚህ በላይ ይሳቅብን እንዴ? ጻፊው አልኳት።

መንደሩ እስካሁን ይከራከራል። ግማሹ «አፉ ነው እንጂ ልቡ ደህና ነው» ይላል፤ ግማሹ «ልቡ ነው በአፉ የወጣው» ይላል። ልብዎን እኔ አላየሁትም። ልጄም አላየችውም። እኛ ዘንድ የደረሰው አፍዎ ብቻ ነው፤ ልጄን ታካሚ አልባ ያስቀራትም እሱ ነው። ስለዚህ ደግ ልብዎን ለቤተሰብዎ ያቆዩት፤ እኔ የምለምንዎ ሌላ ነገር ነው። ሐሙስ የክትባት ቀን ነው። የልጅ ልጅዎን ይዘው ይምጡ፣ ካሜራውንም ያምጡት። ሕፃኗን በእናቶች ሁሉ ፊት ለፎሎሌ ይስጧት፤ ትመዝናት፣ ትኩሳቷን ትለካት፣ ትከትባት። ያነበበችውን ቁጥር እርስዎ ተቀብለው ጮክ ብለው ይናገሩት። ያን ቀን ያለ ምንጣፍም እንታረቃለን።

ጉልበትዎን ጌታ እንዲያበረታልዎ፣ መርከብም እንዳያመልጥዎ ዘወትር የምጸልይ፣ በምርጫ ቀን ብቻ የሚያስታውሱኝ ታዛዥዎ፣

ማላኤቲያ፣ ከፋጋቶሎ

ማሳሰቢያ፤ ሐሙስ ወረፋ ይረዝምብኛል ብለው አይስጉ። ከንግግርዎ ወዲህ ወረፋ የለም።

በይ ፎሎሌ፣ አሁን ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ። መስኮቱን ክፈቺና ጮክ በይ፤ ጎረቤት ሁሉ ስታነቢ ይስማሽ።