ዊኬታችን ላይ የተጻፈውን ጮክ ብዬ ስላነበብኩ

ለተከበሩ ቻውድሪ ዙልቀርነይን ሳሂብ
የኮት ናሲባ ከተማ ማዘጋጃ ቤት ሊቀመንበር
ባሉበት

ክቡርነትዎ ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎ፣ ለሚታለቡት ጎሾችዎ፣ እንዲሁም የከተማው መብራት በጠፋ ቁጥር ከግቢዎ ለሚያጓራው ጄኔሬተርዎ ሙሉ ጤንነት እመኛለሁ። እኛ አላህ ይመስገን ደህና ነን፤ ደህና ነን ስል ግን ከክሪኬት የተረፈውን ኑሯችንን ማለቴ ነው፣ እሱም ይህን ያህል የሚወራለት አይደለም።

እኔ በጭነት መኪና ተራው በር ላይ በመኪኖች ገላ ሥዕል የምስለው አላህ ዲታ ነኝ። በዚህ መንገድ በሚያልፍ መኪና ጀርባ ላይ ጭራውን የዘረጋ ጣዎስ አይተው ከተደነቁ የእኔ እጅ ነው፤ ዶሮ የሚመስል ካዩ ደግሞ የጎረቤቴ ነው። ከማታው የጎልማሶች ትምህርት ቤት በቅርቡ ከክፍሌ ሁለተኛ ሆኜ ተመርቄያለሁ፤ ክፍሉ ውስጥ ብዙ ሰው አልነበረም እያሉ የሚያስወሩ ምቀኞች ስላሉ እንዳይሰሟቸው አደራ እላለሁ። መምህርታችን ወይዘሮ ሩኽሳና የመጀመሪያ ደብዳቤያችሁን ለእናት ወይም ለወንድም ጻፉ ብለውን ነበር። እናቴ ማንበብ ስለማትችል፣ ወንድሜም ከታች በማነሣው ጉዳይ ስላኮረፈኝ ዕድሉ ለክቡርነትዎ ደርሷል። በፖስታ ያልላክሁትም ለማዘጋጃ ቤታችን ጽፎ መልስ ያገኘ ሰው ስላልሰማሁ ነው፤ በሻይ ቤቱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ግን ቢያንስ ሻይ እስኪፈላለት የሚጠብቅ ሰው ያነበዋል።

ነገሩ ከእህል ገበያው ጀርባ ስላለው ሜዳ ነው። ክሪኬት በሜዳው ላይ ስለተከለከለ እኔም በቡድኔ ዘንድ ተከልክያለሁ። የቡድናችን አለቃ፣ የመምቻው ባለቤትና ሥጋ ሻጩ ጉልዛር «ሜዳውን ሳታስመልስ ፊትህን እንዳላይ!» ብሎኛል። በቡድኑ ውስጥ የነበረኝ ቦታም ቀላል አልነበረም፤ እኔ እኮ ፈጣን ወርዋሪ ነኝ። እውነቱን ለመናገር ኳሴ ፍጥነት የምታገኘው መቺው ከመታት በኋላ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ግን ማንም አይደርስባትም።

ስለዚህ ቅሬታዎቼን ከምስጋና ጋር በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ሜዳውን ለሠርግ ድንኳን ስለሚያከራዩልን እናመሰግናለን። ከሠርግ ማግሥት ሜዳው የካስማ ጉድጓድ ብቻ ሆኖ ስለሚያድር፣ ግማሾቻችን ኳስ ስናሳድድ ግማሾቻችን ወለምታችንን ስናሽ እንውላለን። ሆኖም ውለታዎን አልክድም፤ በሕይወቷ ዞራ የማታውቀው ኳሴ ከእህል ነጋዴው ልጅ ሠርግ ማግሥት ጉድጓድ ውስጥ ገብታ ዞረችና፣ ጉልዛርን አልፋ ዊኬቱን መታች። ዊኬት የምንለው ከመቺው ጀርባ የሚቆመውንና ወርዋሪው ሊመታው የሚለፋበትን ነገር ሲሆን፣ እሱ ከተመታ መቺው ወጣ ይባላል። ሌሎች ሦስት እንጨት ይተክላሉ፤ እኛ ግን ማዘጋጃ ቤቱ ራሱ በሜዳው መካከል የተከለልን ጥሩ የቆርቆሮ ሰሌዳ ነበረን። ሲመታ እንደ ደወል ስለሚጮህ ክርክር የለውም። የለውም ስል ግን በደንባችን መሠረት ዳኛ የሚሰጠው የሚመታው ወገን መሆኑን ረስቼ ነው፤ የዚያን ዕለት ዳኛው የጉልዛር የአክስት ልጅ ነበር።

«አልወጣም» አለ።

«እንዴት አይወጣም? ሰሌዳው እስከ መስጊዱ ድረስ ጮኸ እኮ!»

«ነፋስ ነው።»

«የምን ነፋስ? ቅጠል እንኳን አይነቃነቅም!»

«አልፎ ሄደ። ይልቅ ወርውር፣ አታስመሽን።»

እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ ፍትሕ ማጣት ምን እንደሚመስል ከእርስዎ ቢሮ በፊት የተማርነው ከራሳችን መሆኑን በዚሁ ይረዱልኛል።

ሁለተኛ፣ ስለ መብራቱ እናመሰግናለን። መብራት የሚያጠፋው ሌላ መሥሪያ ቤት እንደሆነ አላጣሁትም፤ ነገር ግን የብሔራዊ ቡድናችን ጨዋታ የመጨረሻዋ ኳስ ላይ ሲደርስ ሻይ ቤቱ ሲጨልምና የእርስዎ ቤት ሲበራ ሰው አመስጋኝነቱን ወደ ብርሃኑ ማዞሩ አይቀርም። ባለፈው ጊዜ ሁላችንም ብርጭቋችንን እንደያዝን ሮጠን የግቢዎ አጥር ሥር ተደረደርን። ክቡርነትዎ በድንገት «ያ አላህ!» ብለው ሲጮሁ ሰማን፤ አሸነፍን ብለን ተቃቀፍን፣ ወንድሜ አለቀሰ፣ እኔ በራሴ ገንዘብ ለሰፈሩ ጣፋጭ አደልኩ። ለካስ እርስዎ የጮኹት ትኩስ ሻይ እግርዎ ላይ ፈስሶብዎት ኖሯል፤ ብሔራዊ ቡድናችንም ተሸንፏል። ያደልኩትን ጣፋጭ መልሱልኝ ማለት ነውር ሆኖብኝ ተውኩት። እግርዎ ግን ተሻለዎት?

ሦስተኛ፣ የሰሌዳው ጉዳይ ነው።

ማዘጋጃ ቤቱ ሰሌዳውን ተክሎት ከሄደ ወዲህ ዘወር ብሎ አይቶት አያውቅም። ዝናብ ሲያዘነብለው ያቃናነው፣ ጎሽ ሲታከክበት ያባረርነው፣ እግሩን በድንጋይ ያጠበቅነው እኛ ነን። አንድ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ እንደልማዳችን ስንጫወት ሰሌዳው ዘመም አለና ላቃናው ተጠጋሁ። አዲሱን የንባብ መነጽሬን አድርጌ ነበር፤ ወርዋሪ የንባብ መነጽር ምን ያደርግለታል ቢሉ፣ ሰው እንዲያይልኝ ነው። ወይዘሮ ሩኽሳና ደግሞ «ዓይናችሁ ያረፈበትን ሁሉ፣ የመድኃኒት ካርቶንም ይሁን የአውቶቡስ ታርጋ፣ ጮክ ብላችሁ አንብቡ» ብለውናል። እኔም ጉሮሮዬን ጠርጌ አነበብኩ፦

«በዚህ... ሜዳ... ላይ... ክሪኬት... መጫወት... በጥብቅ... የተከለከለ... ነው።»

ከዚያም ጭብጨባ ጠበቅሁ።

በመጀመሪያ የተናገረው ከሰሌዳው ጀርባ ቆሞ ኳስ የሚይዝልን ኑዕማን ነው። ፋርማሲ ስለሚሠራ የሐኪም ጽሑፍ እንኳ አያቅተውም፤ እኔን እንደ ባለሙያነቴ ኡስታድ ይለኛል።

«ኡስታድ፣ ምን ነካህ? እኔ እኮ ከልጅነቴ ጀምሮ አነበዋለሁ!»

«ታዲያ ለምን አልነገርከንም?»

«ማንበብ የሚችል ሰው ዝም ማለትም ይችላላ!»

ይህኛውን ትምህርት በማታው ክፍል አልሰጡንም።

ኒም ዛፉ ሥር ይቀመጥ የነበረው የሜዳው ዘበኛ፣ ሁላችንም ቻቻ ማለትም አጎቴ የምንለው ባሽራትም በዱላው ተደግፎ ተነሣ። ቻቻ ማንበብ አይችልም፤ ሲደላው ይዳኘናል፣ ሰው ሲጎድል ደግሞ ይመታልናል።

«አንተ ልጅ፣ ምን ነበር ያልከው? እስቲ ድገመው።»

እኔም ሞኙ፣ የሚሰማኝ አገኘሁ ብዬ ደገምኩለት፤ በዚህኛው ጊዜ እንዲያውም ሳልንተባተብ አነበብኩት።

ቻቻ ጢሙን ዳሰሰ። «ማዘጋጃ ቤቱ የቀጠረኝ ይህን ሰሌዳ እንድጠብቅ ነው። ምን እንደሚል ግን የነገረኝ ሰው አልነበረም። እንግዲህ ተነሡ፣ ዕቃችሁን ሰብስቡ።»

«ቻቻ፣ ባለፈው ዓርብ አንተ ራስህ መትተህ የለም እንዴ?»

«ባለፈው ዓርብ አልሰማሁማ! አሁን ሰማሁ። የመንግሥት እንጀራ እበላለሁ፣ ምን ላድርግ?»

ጉልዛር መምቻውን ትከሻው ላይ አድርጎ በአጠገቤ ሲያልፍ የተናገረውን ልደብቅዎ አልፈልግም። «ስንት ዘመን አንድ ሰው ማስወጣት አቅቶህ ኖረህ» አለኝ፣ «ዛሬ በአንድ አፍ ሁለቱንም ቡድን አስወጣህ!»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የእኔ ወለምታ ግን አፌ ላይ ብቻ አለመሆኑ ነው የባሰው። በሰሌዳው ላይ ያለው ጽሑፍ እጅግ ያማረ መሆኑን ከተማው ሁሉ ይመሰክራል፤ «ክሪኬት» የምትለዋ ቃል ግራና ቀኟ ጽጌረዳ አለባት፣ ከሥሯም ዓሣ ተጋድሟል። በማዘጋጃ ቤት ሰሌዳ ላይ ዓሣ ምን ይሠራል ብለው አስበው የሚያውቁ ከሆነ፣ ያ ዓሣ የእኔ ነው። ከቢሮዎ ቁራጭ ወረቀት ተሰጥቶኝ፣ ቅርጹን ብቻ እያየሁ የገለበጥኩት እኔ ነኝ፤ በዚያ ጊዜ ፊደል ለእኔ እንደ ጣዎስ ነበር፣ ጭራው ካማረ ሌላ አልጠይቀውም። በሥራዬ ኮርቼ «ይህን የመሰለ ሰሌዳ እያለ በእንጨት ምን ያለፋናል?» ብዬ ቡድኑን ጎትቼ ዊኬት ያስደረግሁትም እኔው ነኝ። በገዛ እጄ ጻፍኩት፣ በገዛ ኳሴ ስስተው ኖርኩ፣ በገዛ አፌ አነበብኩት። ክቡርነትዎ በሜዳው ላይ የሠሩብን በደል ቢኖር እንኳ ግማሹን ሥራ እኔ ስላቃለልኩልዎ ምስጋናውን እንካፈል።

አራተኛ፣ አራተኛ ቅሬታ የለኝም። ወይዘሮ ሩኽሳና ቅሬታ ከአራት ካነሰ አያምርም ስላሉ ቦታውን ይዤለታለሁ፤ እርስዎ በቅርቡ እንደሚሞሉልኝም እተማመናለሁ።

አሁን ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሻይ ቤት ተቀምጬ የስኳር ከረጢት አነባለሁ። የስኳር ከረጢት ላይ ብዙ የሚነበብ ነገር የለም፤ ዓርብም ይህን ያህል ረጅም ቀን መሆኑን ከዚህ በፊት አላውቅም ነበር። ወንድሜ እራት ላይ ጨው እንዳቀብለው ሲፈልግ በእናቴ በኩል ይልክብኛል። ቻቻ ባሽራት ባዶ ሜዳውን ይጠብቃል፤ በቀደም ሳልፍ ጠራኝና «ጆሮዬ ከብዶ ይሆን እንዴ? ያ ሰሌዳ ድምፁ ጠፋብኝ» አለኝ።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ የማይታጠፍ የቸርነት እጅዎን ዘርግተው ሜዳችንን እንዲመልሱልን በትሕትና እንለምናለን። ይህ ከብዶ ከታየዎት ደግሞ ቢያንስ እንደ ሠርግ ይቁጠሩንና ያስገቡን፤ ድንኳን አንተክልም፣ ሙዚቃም አናስጮህም፣ ሙሽራ ካስፈለገ ጉልዛርን እናለብሰዋለን።

የጎሾችዎን የወተት በረከት እየተመኘሁ፣ ከእግርዎ ሥር ካለው አቧራ ያነስኩ፣ ከኮት ናሲባ ሠዓሊዎች ሁሉ ግን የበለጥኩ፣ ቀድሞ ፈጣን ወርዋሪ የነበርኩ፣ አሁን ፈጣን አንባቢ፣

አላህ ዲታ፣ የጣዎሶች ሠዓሊ

ማስታወሻ፦ ደብዳቤዬን ጨርሼ ሳልለጥፈው ሁለት ነገር ተከሠተ። አንደኛው፣ ዊኬት መሆኑ ከቀረ ወዲህ የሚያቃናው ሰው ያጣው ሰሌዳ፣ ጎሽ ታክኮበት በፊቱ ተደፍቶ ወድቋል፤ ጎሹ ማታ ገብቶ የሚያድረው የማን ግቢ እንደሆነ ከተማው ስለሚያውቅ እዚህ ላይ አልገልጸውም። ሁለተኛው፣ ቢሮዎ አዲስ ሰሌዳ እንድሠራ አዞኛል። ትእዛዙን በታላቅ ክብር ተቀብያለሁ። ቀድሞ እንዲህ ያለውን ሥራ በአንድ ከሰዓት እጨርሰው ነበር፤ ከተማርኩ ወዲህ ግን እያንዳንዱን ቃል ሳልረዳ መጻፍ ሕሊናዬ ስለማይፈቅድና «በጥብቅ» የምትለዋን እስካሁን በሚገባ ስላልተረዳኋት፣ ከመጪው ዓመት ዝናብ በፊት እንዳይጠብቁኝ። እስከዚያው ድረስ የተደፋው ሰሌዳ ምን እንደሚል ለማየት ከቻቻ ባሽራት ጋር ሄደን ነበር። ጀርባው ላይ ምንም አልተጻፈም። ቻቻም «የምጠብቀው የሚለውን ነው፤ ዝም ካለ እኔ ማን ነኝ?» ብሏል። ስለዚህ የፊታችን ዓርብ ከሶላት በኋላ የጉልዛርን ብስክሌት ዊኬት አድርገን እንጀምራለን። እኔም በአንድ ቅድመ ሁኔታ ተመልሻለሁ፦ ወደ ሜዳው ስገባ መነጽሬን ለቻቻ አስረክባለሁ። እሱ አድርጎት ሲቀመጥ ሩቁ ሁሉ ይደበዝዝበታል፤ ለዳኝነት ግን ይበቃል ብለን ተስማምተናል።