አሥራ አራት ቁጥር መሞቱ ይታወቅልን

ለተዳፋት ክትትል ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ ግንቦት 19

ጉዳዩ፦ የተበላሸው አሥራ አራት ቁጥር መለኪያ እንዲተካ፣ እስኪተካም በመቆጣጠሪያ ክፍሉ ስክሪን ላይ በቀይ እንዲታይ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

እኔ አመልካች ከመንደሩ በላይ ባለው ተዳፋት የተተከሉትን ሃያ ሁለት የመሬት እንቅስቃሴ መለኪያዎች ስጠግን ስድስት ዓመት ሆኖኛል። መለኪያዎቹ ሽቦ የላቸውም፤ በሬዲዮ እየተቀባበሉ መልእክታቸውን ቢሮ ያደርሳሉ። አንዱ ሲበላሽ የቀሩት መንገድ ቀይረው ያልፉታል።

1. አምና መልእክቱ የተቋረጠ መለኪያ ሁሉ እንደ አደጋ ይቆጠር ስለነበር፣ ባትሪ ባለቀ ቁጥር የአደጋ ደወሉ እየጮኸ መንደሩን አስመረረው። ሰዉ ልጁን አዝሎ እየወጣ ተመለሰ፤ «ውሸታሙ ደግሞ ጮኸ» እያለ ይስቅብን ጀመር። ያኔ መላውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። የተቋረጠው መለኪያ ቁጥር በሁለቱ ጎረቤቶቹ አማካይ እንዲሞላ አደረግሁ። ደወሉ ዝም አለ። ክቡርነትዎም በስብሰባ ፊት አመሰገኑኝ፤ ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ።

2. አሥራ አራት ቁጥር ከሞተ ሃያ ሦስት ቀኑ ነው። ወጥቼ ከፍቼዋለሁ፤ ውሃ ገብቶበት ውስጡ ዝጓል። ጎረቤቶቹ አሥራ ሦስትና አሥራ አምስት የተተከሉት አለት ላይ ስለሆነ ንቅንቅ አይሉም። ስክሪኑ ለአሥራ አራት የሚሞላው እንግዲህ የአለቱን ልክ ነው። እሱ የቆመበት አፈር ግን ተሰንጥቋል፤ እጄን እስከ አንጓዬ አስገብቼበታለሁ።

3. ሦስት ጊዜ አመለከትሁ። የመቆጣጠሪያ ክፍሉ ባልደረባዬ «ወንድሜ፣ ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ ነው እኮ! ደህናውን ምን ብዬ ልተካው?» ብሎ ፎርሙን መለሰልኝ። መለዋወጫ የሚፈቀደው ለቀይ ብቻ ነው። እንዳልቆጣው የገዛ እጄ ሥራ ነው።

ክቡር ሆይ፣ በማመልከቻ የቤተሰብ ጉዳይ ማንሳት ነውር ከሆነ ይቅርታ ይደረግልኝ። ከአሥራ አራት ቁጥር ሥር የመጀመሪያው ቤት የታላቅ እህቴ ነው። እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ልብስ ሰፊ ናት፤ ቀኑን ሙሉ የምትቀመጠው በተዳፋቱ በኩል ባለው መስኮት ሥር ነው። ትናንት ሄጄ «እትዬ፣ በሞቴ፣ ለጥቂት ቀን እኔ ቤት ግቢ» ብዬ ለመንኋት። መርፌውን በከንፈሯ እንደያዘች ሳቀችብኝ። «አንተ ድሮም ፈሪ ነህ። ደወሉ ሲጮህ እወጣለሁ። ያስተካከልከው አንተ አይደለህ እንዴ?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እህል አልቀመስሁም።

ስለዚህ አማካይ መሙላቱ ዛሬውኑ እንዲቆም፣ አሥራ አራት ቁጥር እንዲተካ፣ እስከዚያው ከሥሩ ያሉት አራት ቤቶች እንዲለቁ በጽሕፈት ቤቱ ማኅተም እንዲነገራቸው እለምናለሁ። እኔን እህቴ እንኳ አላመነችኝም፤ ማኅተሙን ግን ሁሉም ያምናሉ። አማካይ የሚሞላው ቅንብርም ያለ ክቡርነትዎ ፊርማ አይነካም። ያኔ የተሰጠኝ ምስጋና ይሰረዝ፤ ቅጣትም ካለ አንገቴን ደፍቼ እቀበላለሁ።

ዝናቡ ዛሬ ጠዋት ጀምሯል። ይህን ስጽፍ ስክሪኑ ፊት ለፊቴ ነው። አሥራ አራት ቁጥር አረንጓዴ ነው፤ እህቴም እሱን አምና መስኮቷ ሥር ተቀምጣለች።

ከአክብሮት ሰላምታና ከብዙ ጭንቀት ጋር

(ፊርማ)
የተዳፋቱ መለኪያዎች ጠጋኝ