እማዬ አጥር ላይ ያላሰጣችው ጋቢ

ለምወድህ ወንድሜ ለባዘዘው፤ ከእኅትህ ከፅጌረዳ።

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ፣ ሥራህስ እንዴት ነው? ያ የጉልበትህ ቁርጥማት ለቀቀህ ወይስ የአሥመራ ብርድ ቀሰቀሰው? ባለቤትህ አመተ ሥላሴ እንደምን አለች? ያች በፎቶግራፍ ብቻ የምናውቃት ልጅህስ ጥርስ አበቀለች ወይ? እኔ በእግዚአብሔር ቸርነት ደህና ነኝ። ሞጣ ትምህርት ቤት ሊከፈት ስለሆነ ጓዜን እየሸከፍሁ ነው። አክስታችን እማሆይ ወለተ ገብርኤልም ደህና ናት፤ ዓይኗ ደከመ እንጂ ጆሮዋን የጎረቤት ሹክሹክታ እንኳን አያመልጠውም። እማዬም ዛሬ ደህና ናት። «ዛሬ» ማለቴን ልብ በል። ተመስገን አልፏል፤ ግን እንዳይመለስ የምትከለክለው አንተ ነህና ይህን ደብዳቤ ተቀምጠህ፣ ረጋ ብለህ አንብበው።

ባለፈው ደብዳቤ፣ የላክኸው የልብስ ማጠቢያ ያጥባል፣ ያደርቃል፣ እንከን የለውም ተብሎ ተጽፎልሃል። የጻፈው ደብተራ ሣህለ ማርያም ነው፤ እሱን አትቀየመው፣ እማዬ ያለችውን ነው የጻፈው። ማጠቡ እውነት ነው። ማድረቁ ግን እውነት አይደለም። ይህን ስነግርህ ፊትህ ሲጠቁር ይታየኛል፤ አይዞህ፣ ጥፋቱ ያንተ አይደለም። ነገሩን ከሥሩ ላውጋህ።

ማሽኑ ከደጀን በጭነት መኪና ተጭኖ ቢቸና ሲገባ እኔ ሞጣ ማስተማር ላይ ነበርሁ። ወሬው ግን ቀድሞኝ መጣ። ገበያ ላይ ጨርቅ የሚሸጠው እንድሪስ ለእህል ጉዳይ ቢቸና ደርሶ ሲመለስ በመንገድ አስቁሞኝ፣ እናትሽ ቤት ልብስ የሚያጥብ ሣጥን ገብቶ አገር ምድሩ ተሰብስቦ ሲያይ አገኘሁት አለኝ። ባለወፍጮው አቶ ይርሳው ከወፍጮ ቤቱ ሞተር የመብራት ሽቦ ስቦላት፣ የውኃው በርሜልም አንተ እንዳዘዝኸው ከፍ ካለ የእንጨት መቆሚያ ላይ ተሰቅሎ፣ እማዬ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ በር ላይ ቆማ ነበር አሉ። እማሆይማ ያ ነገር ማጓራትና መሽከርከር ሲጀምር ዳዊቷን ይዛ ወደ ጓሮ ወጣች፤ እስኪቆም ድረስም አልተመለሰችም።

አየህ ባዘዘው፣ ይህች ሴትዮ በእርጅናዋ እርጥብ ልብስ ተሸክማ ከወንዝ ዳገት ስትወጣ ወገቧ ይቆረጥ ነበር። አንተም ይህ አንጀትህን በልቶት ነው ትሠራላቸው የነበሩት ፈረንጆች አገራቸው ሲገቡ የሰጡህን ንብረት ሳትሸጥ ለእሷ የላክኸው። ይህን እሷም ታውቃለች፣ ሰፈሩም ያውቃል። ክፉው ነገር የመጣው ከደስታዋ ብዛት ነው። የሚካኤል ማኅበር ዕለት ሴቶቹ ስለ ማሽኑ ሲጠይቋት «የልጄ ማሽን ፀሐይ አያስለምንም» ብላ በሰው ፊት ተናገረች። አንዲቷ ምላሰኛ ደግሞ፣ ስሟን መጥራት አያስፈልግም፣ እስኪ ክረምት ይግባና እናየዋለን አለቻት። በቃ! እማዬን ታውቃት የለም? ከዚያ ቀን ወዲህ ከአጥራችን ላይ አንዲት የእጅ መሐረብ እንኳ ተሰጥታ አታውቅም።

ማሽኑ ተንኮሉ ምን መሰለህ፣ ልብሱን ሲያወጡት ትኩስ ነው። ትኩስ ሲሆን ደግሞ ደረቅ ይመስላል። ውኃው የሚታወቀው ሲቀዘቅዝ ነው። በበጋው ምንም አልነበረም፤ እርጥቡን ለብሳው ትወጣለች፣ በላይዋ ላይ ይደርቅላታል፣ ማንም አያይም፣ ማንም አይሰማም። ክረምት ሲገባ ግን ያ የሚያድናት ፀሐይ ጠፋ።

እኔ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ቤት ስደርስ ዝናቡ ጠንክሮ ነበር። የጎረቤቱ አጥር ሁሉ ብልጭ ባለች ፀሐይ ልብስ በልብስ ይሆናል፤ ደመናው ሲመጣ ሴቶቹ እየተንጫጩ ሮጠው ያነሣሉ፤ የእኛ አጥር ባዶውን ነው። እኔም የዋሂቱ ወንድሜ እንዲህ ያለ ነገር ላከ ብዬ ኮራሁ። ልብስሽን ልጠብልሽ ስላት አትንኪብኝ ትለኛለች። ማሽኑ ያለበትን ክፍል ቁልፍ ከመቀነቷ ቋጥራ አትፈታም። ለእኔ የምትሰጠኝ ልብስ ደረቅ ነበር፤ በኋላ እንደገባኝ ሌሊት ከምድጃው አጠገብ ዘርግታ የምታሞቀው የእኔን ብቻ ነው።

ከዚያ ፍልሰታ ገባ። መቼም ፍልሰታን እሷ እንደምትጾመው የሚጾም የለም። በዚያ ጭቃ፣ በዚያ ጉም፣ ጋቢዋን ተከናንባ ስታስቀድስ ትውላለች። መጀመሪያ ሳል ያዛት። ብርድ ነው፣ ይለቀኛል አለች። ኪዳነ ምሕረት ሳትደርስ ከአልጋ ዋለች፤ ትኩሳቱ ሰውነቷን ፈጀው፣ ስትተነፍስ ጎኗን ይወጋታል። ድሬሰር ኃይለ ሚካኤል ከጤና ጣቢያው መጥቶ ደረቷን ካዳመጠ በኋላ ወደ ውጭ ጠራኝና ሳንባዋ ክፉኛ ታሟል፣ ምን አግኝቷት ነው አለኝ። እኔ ምን አውቄ! ጾሙ ነው፣ እርጅናው ነው አልሁት። መርፌ ጀመረላት፤ ሙቀት አይለያት ብሎ አስጠነቀቀኝ። እኔም እንዳይበርዳት ብዬ ያገኘሁትን ጋቢ ሁሉ ከሣጥኗ እያወጣሁ አለብሳት ጀመር።

ያን ጊዜ ነው እማሆይ በምርኩዟ መሬቱን መታ መታ አድርጋ ወደ እሷ የጠራችኝ። እማዬ ለካ አክስታችንን፣ ይህን ነገር ለልጆቼ ብትናገሪ በማርያም ብላ ገዝታታለች። እማሆይ ደግሞ ግዝት አታፈርስም። እንባዋ በጉንጯ እየወረደ እንዲህ አለችኝ፦

«አፌ ተገዝቷል፤ ያንቺ እጅ ግን አልተገዘተም። ያለበስሻትን ዳስሰሽ እይው።»

ዳሰስሁት። ባዘዘው፣ እኔ በእናቴ ላይ የደረብሁት ጋቢ እርጥብ ነበር! ታጥፎ ሣጥን ውስጥ ስለቆየ ሻጋታ ሻጋታ ይሸታል። ሁሉንም ገፍፌ የራሴን ብርድ ልብስ አለበስኋትና ደጅ ወጥቼ አለቀስሁ። ያ ሁሉ የክረምት ልብሷ እንደዚያው ነበር። በእርጥብ ነጠላ አስቀድሳ፣ በእርጥብ ጋቢ ተኝታ፣ ሰው ሲጠይቃት ደግሞ ሙቀቱ ደስ ሲል ትላለች።

ትኩሳቱ ለቀቅ ሲያደርጋት ተቆጣኋት። ምን ነካሽ፣ ለሞት የሚያደርስ ምን ነገር አለ፣ አጥሩ ላይ ብታሰጪው ምን ይልሻል አልኋት። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። እንደዚያው ሆና «ባዘዘው የላከው ዕቃ አይረባም ይበሉልኝ?» አለችኝ። አንተ ብትሆን ምን ትላት ነበር?

ደግሞ እኮ የምትደብቀው ነገር ጨርሶ ያልታወቀ አልነበረም። የወንዝ ጓደኛዋን እትዬ ፋንታነሽን ታስታውሳታለህ፣ ያችን ሳቋ ከእሷ ቀድሞ ቤት የሚገባውን። ልትጠይቃት መጥታ ስትወጣ በር ላይ ያዝኋት። ቤተ ክርስቲያን ጎን ለጎን ስንቆም ብርዱ ከእሷ ጋቢ ወደ እኔ ይሻገር ነበር፣ ገመናዋ እንዳይወጣ ብዬ ለማንም አልተናገርሁም አለችኝ። ከእኔ ልብስ ጋር ቀላቅዬ በእኔ አጥር ላሰጣልሽ ብላም ለምናት ነበር። እማዬ ግን የእኔን ጥለት ሰው ሁሉ ያውቀዋል ብላ እምቢ አለቻት። የሰው ገመና የሚሸፍን እንዲህ ያለ ጎረቤት ስላለን እግዚአብሔር ይመስገን። ምላሰኛዋም ብትሆን መታመሟን ስትሰማ አጥሚት ይዛ መጥታ አልጋዋ ሥር ተቀምጣ አልቅሳለች፤ ስለ ማሽኑ ትንፍሽ አላለችም።

እንግዲህ ቁልፉን ተቀብዬ ማሽኑን ራሴ ሞከርሁት። አቶ ይርሳውንም አምጥቼ አሳየሁት። እሱ እንደሚለው ማጠቡ ብዙ ጉልበት አይፈጅም፤ ማሞቁ ግን ይፈጃል፣ የወፍጮው ሞተር ደግሞ እህል እየፈጨ ያን ያህል ሊሰጠው አይችልም። ደግሞም ይህ ዓይነቱ ዕቃ አጥቦ የሚጨርሰውን ያህል ማድረቅ አይሆንለትም፤ ግማሹን አውጥቶ ግማሹን ብቻ መተው ነው አለ። እንዳለው አደረግሁ። ያንተን የድሮ ሸሚዝ ብቻዋን ስከትታት ደህና አድርጎ አደረቃት፣ አልዋሽም። አንሶላውን ግን እርጥበቱ አልለቀቀውም። ጋቢውማ ተወው፤ ወፍጮው እስኪዘጋ፣ ሰው ቤቱ እስኪገባ ቢሽከረከር የገባው ጋቢ እንደ ገባ ነው የወጣው። የእኛን አገር ጋቢ ማን አይቶ ማሽኑን ሠራ ብለህ ነው!

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። እኔ ሞጣ ስመለስ እማዬ ያንን እርጥብ ልብስ መልሳ ትለብሰዋለች። ምዬ ተገዝቼ አላደርግም ብላኛለች፤ ግን አላምናትም። ድሬሰሩ ደግሞ ይህ ነገር ከተደገመ አልችልላትም ብሎኛል። ከእኔ ይልቅ አንተን ትሰማለች። ስለዚህ አደራህን፣ ለእሷ ብቻ ብለህ ሌላ ደብዳቤ ጻፍ። መታመሟን እንደሰማህ አታንሣ፤ እማዬ አክስታችን ግዝቷን አፍርሳ ነገረችብኝ ብላ ትቀየማታለች። ማሽኑ ለማጠብ የተሠራ ነው፣ ልብሱን ከዚያ አውጥታችሁ ፀሐይ ላይ አስጡት፣ እኛም አሥመራ የምናደርገው እንዲሁ ነው በል። መቼም ሚስትህ ልብሷን ሰገነት ላይ እንደምታሰጣ ፎቶግራፉ ላይ አይቻለሁና ውሸት አይሆንብህም። ፀሐይ ያላየ ልብስ ማሽኑን ያበላሸዋል ብትልበት ግን እኔ ኃጢአቱን እካፈልሃለሁ። ደብተራ ሣህለ ማርያም ደብዳቤ ሲያነብ ድምፁ ከቅዳሴ አያንስም፤ ሲነበብ ጎረቤት ሁሉ ይሰማል። ልጄ አዘዘኝ ብላ ራሷን ቀና አድርጋ ታሰጣለች። ያንተ ስም ሳይጎድል፣ የእሷም ጤና ይጠበቃል።

ሌላ ማሽን ወይም ሞተር ልግዛ እንዳትል። ባለው ተጠቅማበታለች፤ የእጇ ስንጥቅጥቅ ድኗል፣ ከወንዝ ዳገት መውጣትም ቀርቶላታል። ማጠቡን ለእሱ፣ ማድረቁን ለፀሐይ እንተወው።

እንግዲህ ሰላምታዬን ልጨርስ። እማሆይ ወለተ ገብርኤል በጸሎቴ አልረሳህም፣ አንተም ጾሙን አትርሳ ብላሃለች። እትዬ ፋንታነሽ ሙሽራይቱን ሳናያት ልጅ መውለድህን አልወደድሁትም፣ ይዘሃቸው ና ብላሃለች። አቶ ይርሳው ወፍጮው ደህና ነው፣ ሽቦውንም አልቆርጥባቸውም ብሏል። ለባለቤትህ ለአመተ ሥላሴ የእኅትነት ሰላምታዬ ይድረሳት፤ ትንሿን በእኔ ስም አገላብጠህ ሳማት።

የእማዬን ሰላምታ በመጨረሻ ያደረግሁት ከደጅ እስክትገባ ስጠብቅ ነው። ዛሬ ጠዋት ከአልጋዋ ሳጣት ደንግጬ ደጅ ወጣሁ። ጓሮ ተቀምጣ ጋቢ በእጇ ታጥባለች። ያንን አንተ ከሄድህ በኋላ ፈትላ ያሠራችልህን፣ ማንም ለብሶት የማያውቀውን ጋቢ ነው፤ ለመስቀል እመጣለሁ ካልህ ወዲህ በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ ታጥበዋለች። ደግፌ አስነሣኋትና አብረን ጨመቅነው። ከዚያ እሷው ይዛው ሄዳ፣ በዚያ ባዶ አጥር ላይ፣ ሰው ሁሉ በሚያልፍበት በኩል ዘረጋችው። እኔም ነገር ፍለጋ፣ ማሽኑ እያለ ምነው በእጅሽ፣ ምነውስ አጥር ላይ አልኋት።

ጥለቱን እያቃናች፣ ፊቷን እንኳን ወደ እኔ ሳታዞር፣ «ይኼማ የባዘዘው ነው። ሲመጣ እርጥብ ላለብሰው ነው?» አለችኝ።

እኅትህ ፅጌረዳ
ቢቸና፤ መስከረም ፬ ቀን ፲፱፻፷፭ ዓ.ም.