ጨረቃ የማትታይበት ሳምንት

ቅዳሜ

ሮኬቱ ዛሬም አልተወነጨፈም። ሰዓዳ ስልኬን ነጥቃኝ ዓይኗን ተክላ ስትጠብቅ ነበር። ወደ ታች መቁጠር ሊጀምሩ ሲሉ ቀጥ። እላይ ነፋሱ በርትቷል አሉ። «ሰው ሳይጫንበት?» አለች። እውነቷን ነው፤ ሮኬቱ የጫነው ሳተላይት ብቻ ነው። እኔ ትራንዚት ቢሮ ነው የምሠራው፣ ጭነት ሲዘገይ አዲስ አይሆንብኝም። ግን ወላሂ በሸቅሁ። ሻይ ሁሉ አፍልቼ ነበር።

ሰዓዳ የታላቅ እህቴ ልጅ ናት። አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ቤት ከተቀመጠች ቆይታለች። ከከሚሴ «አክስቴን ልጠይቅ» ብላ ነው የመጣችው። እዚህ የወደብ ከተማ፣ እኛ ሰፈር ካርቲየ 1፣ መብራት ሲጠፋ ሰው ሁሉ ያማርራል፤ እኔ ጣራ ላይ እወጣለሁ። አሁን እሷም ትከተለኛለች። በታኅሣሥ ሙቀቱ ጋብ ሲል ሰማዩ ይጠራል፣ ተወርዋሪ ኮከብም የሚበዛው አሁን ነው።

«ጨረቃ የምትጠፋው መቼ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። እንዴት ደስ አለኝ! በዚህ ከተማ ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም። ሰኞና ማክሰኞ ጭራሽ አትታይም፣ ጉዱን የምታዪው ያኔ ነው አልኳት።

እሑድ

እንደመሸ ወጣን። እሷ ብዙ አየች፤ እኔ አንገቴን እያሸሁ ቀረሁ። «አክስቴ፣ አንቺ እኮ የምትዞሪው ኮከቡ ካለፈ በኋላ ነው» ብላ ሳቀችብኝ። ቀጥላም «ባሕር ላይ ሆኖ ሲታይ እንዴት ያምር ይሆን?» አለች። በጣም እንጂ፣ መብራት የለ፣ ግድግዳ የለ አልኳት። ልትተኛ ስትል ግንባሬን ሳመችኝ። እንደዚያ አድርጋ አታውቅም።

ሰኞ

ሰዓዳ የለችም።

ጠዋት ዳቦ ልግዛ ብላ ወጣች፣ አልተመለሰችም። ስልኳ ዝግ ነው። ሻሿንና ሸራ ጫማዋን ወስዳለች። መታወቂያዋን ትራስ ሥር ትታዋለች። መታወቂያውን ትቶ የሚወጣ ሰው ወዴት እንደሚሄድ እዚህ አገር የማያውቅ ሐበሻ የለም።

ጋሽ ሙላት ጋ ደወልኩ። የአገሬ ልጅ፣ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ፔካ 12 የከባድ መኪና ማቆሚያው ጋ ሆኖ የመጫኛ ተራውን ይጠብቃል። እስቲ ላጠያይቅ አለኝ። ከሰዓት ደወለ። «እታለም፣ ከልጆች ጋር ባሕር ማዶ ወደ ኦቦክ ጠረፍ አልፋለች። ወደ የመን ሊሻገሩ ነው። ጠረፍ ጠባቂ እንዳያያቸው ጨረቃ የሌለችበትን ሌሊት ይመርጣሉ። ይሄ ሳምንት ነው።»

ስልኩን ዘጋሁ። እኔ ነኝ የነገርኳት። የሚያሻግራቸው ደላላም ያውቀዋል፣ ይገባኛል። ቢሆንም የሰማችው ከእኔ አፍ ነው፤ ያውም እየሳቅሁ።

ማክሰኞ

ከሥራ ቀረሁ። በራስ ዲካ ሰፈር በኩል ወደ ባሕሩ ወርጄ ወደ ኦቦክ የሚሻገረውን ጀልባ ጠየቅሁ። ባሕሩ ተናውጧል፣ አይወጣም። የጀልባው ሰው በሶማልኛ ጀምሮ በፈረንሳይኛ ጨረሰው፤ በሁለቱም ያው እንቢ ነው። ሮኬቱ ለነፋስ ቆመ። የመንገደኛ ጀልባው ለነፋስ ቆመ። የደላላውን ጀልባ ማን ያቁመው?

ለፖሊስ ልንገር? ጋሽ ሙላት «ቢይዟት ታስራ ትመለሳለች። ተመልሳ መምጣቷ አይቀርም፤ ያኔ ግን አንቺ ጋ አትመጣም» አለኝ። በመኪና ዞሬ ኦቦክ ልሂድ አልኩት። «ሄደሽስ? ሕፃን አይደለች፣ እጇን ይዘሽ አታመጪያት።» ተናደድኩበት። ግን ምን አጠፋ?

እህቴ ደወለች። አላነሳሁም። ደግማ ስትደውል አነሳሁ። «ተኝታለች» አልኳት።

ማታ መብራት ጠፋ። ጣራ አልወጣሁም። የጎረቤት ልጆች «ያውና! ያውና!» ሲሉ እሰማ ነበር።

ረቡዕ

የአንድ ኮንቴይነር ወረቀት ሁለቴ አበላሸሁ። አለቃዬ «ሳ ቫ?» ብሎ ደህንነቴን ጠይቆ መልሴን ሳይሰማ አለፈ።

ሮኬቱ ወጣ። ምሳ ሰዓት ላይ ብቻዬን አየሁት። ስንት ጊዜ የጠበቅሁት ነገር፣ እሳቱ ሲፈነጥቅ ልቤ ንቅንቅ አላለም። ከተነሣ ጀምሮ በየደቂቃው ይናገራሉ፤ ይሄን ያህል ከፍ አለ፣ እዚህ ጋ ደረሰ፣ ደህና ነው። ለብረት እኮ ነው። የእኔዋ የት እንደደረሰች የሚነግረኝ የለም። ሲያጨበጭቡ አጠፋሁት።

ሐሙስ

ፀሐይ እንደገባች ጣራ ወጣሁ። ጨረቃ በምዕራብ በኩል ታየች፣ የጥፍር ቁራጭ ታክላለች። ኮከቦቼን ታደበዝዝብኛለች እያልኩ የምረግማትን ዛሬ «ቶሎ ሙዪልኝ» ብዬ ለመንኳት። ዱዓም አደረግሁ።

ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር። ሰዓዳ! በሰው ስልክ። ነፋሱ አቆይቷቸዋል፣ ገና ኦቦክ ናቸው። እዚያው ቁጭ አልኩ። ስንት የምለው እያለኝ «በልተሻል?» አልኳት።

«ሩዝ ሰጥተውናል።»

«ተመለሽ፣ የኔ እናት።»

«ተመልሼ ምን ልሁን፣ አክስቴ?»

«ብቻ ነይልኝ» አልኳት።

«ነገ ነፋሱ ይተኛል እያሉ ነው» አለች። «ጨረቃ ነገ የምትገባው መቼ ነው?»

አውቀዋለሁ። ራት ሳይቀርብ ትገባለች፣ ከዚያ ወዲያ ድፍን ጨለማ ነው።

«አትገባም። ሌሊቱን ሙሉ አለች» አልኳት። ስለ ሰማይ ዋሽቻት አላውቅም።

«እሺ፣ አክስቴ» አለች፤ ድምጿ ልጅ የምታባብል ይመስል ነበር። ስልኩ ተዘጋ። መልሼ ብደውል አይነሳም።

ኦቦክም ሰማይ አለ። ቀና ብላ ውሸቴን ታያለች። ይህን ስጽፍ ጨረቃ ገብታለች።