ሽማግሌ ተመልሶ ያልመጣበት ሰርግ

አልማዜ፣

ከተለየሽኝ ሁለት ክረምት አለፈ። ይህን የምጽፍልሽ ላለቅስልሽ አይደለም፤ ታውቂኛለሽ። ልጃችን ሜሮን አገባች። እኔ አልዳርኳትም። ከሰው አፍ ከምትሰሚው ከእኔ ስሚው ብዬ ነው።

ቤቱ እንዳለ ነው። ከጀርባችን የነበረው ጋራዥ ፈርሶ ፎቅ እየተሠራበት ስለሆነ መኝታ ቤታችን ፀሐይ አያገኝም። የአንቺን ቁም ሣጥን ማንም አልነካውም።

ባልየው ሜክሲኳዊ ነው፤ ዲዬጎ ይባላል። እዚህ ኦሎምፒያ ሰፈር አንድ ቢሮ ውስጥ አብረው ይሠሩ ነበር። እናትና አባቱ ከአገራቸው ድረስ መጡ። እነሱም ዘንድ የወንዱ ወላጆች ሴቷ ቤት ሄደው ልጅ ይጠይቃሉ። ዳቦ፣ ቸኮላትና ፍራፍሬ የሞላ ቅርጫት ይዘው ሳሎናችን ተቀመጡ። አባትየው ተነሥቶ ጠየቀ፤ አብሯቸው የመጣ ልጅ አስተረጎመ። እኔም ወጉ ነውና እናስብበት፣ ሌላ ቀን ተመለሱ አልኩ።

ሜሮን ከጓዳ ወጥታ እግሬ ላይ ወደቀች። በማግሥቱ በረራ ነበራቸውና ለዛሬ ብቻ እሺ በል አለችኝ። እኔ በአውሮፕላን ሰዓት ልጅ አልድርም። አባትሽ የእኔን ሽማግሌዎች በመጀመሪያው ቀን ሲመልሱ እኔ ከአጥሩ ውጭ ዝናብ እየደበደበኝ ነበር፤ አንቺ መጋረጃውን ገልጠሽ ሳቅሽብኝ። ያንን ሳቅሽን ዛሬም በምንም አልለውጠውም። እኔ ግን ሽማግሌ መልሼ ላክሁ።

እናትየው ደረጃው ላይ አለቀሰች። ቅርጫቱንም አስከትዬ ላክሁላቸው፤ ላልሰጠሁት ልጅ ስጦታ አልቀበልም። ጎረቤታችን ዘነቡ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ፣ «ጋሽ ታደሰ፣ እንግዲህ ክብርዎን ይዳሩ!» አለችኝ። ቢመለሱ እሺ እል ነበር። አልተመለሱም። ሜሮን ተከትላቸው አገራቸው ሄደች።

ያቺ ዘነቡ አታፍርም፣ የሰርጉን ቪዲዮ በስልኳ አምጥታ አሳየችኝ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሙሽሮቹ ተንበርክከው ሳለ ረጅም ነጭ ገመድ በሁለቱም ትከሻ ላይ ያጠልቁባቸዋል፤ እንዳይለያዩ ነው አሉ። ለዚህ የሚመረጡት የተከበሩ ባልና ሚስት ናቸው። ልጃችን ላይ ያጠለቁት የማላውቃቸው ሰዎች ናቸው። ከፊት ወንበር ላይ የአንቺ ፎቶ ተቀምጧል፤ ሻማም አብርተውልሻል። ለእኔ ወንበር የለም። ሞተሽ ተጠራሽ፣ አልማዜ፤ በሕይወት ያለሁት ቀረሁ።

ግብዣው ላይ ደግሞ ጓደኞቹ የሙሽራውን ጫማ አውልቀው እንደ ሬሳ ተሸከሙት፤ በቀብር ሙዚቃ አዳራሹን አዞሩት። የላጤነቱ ቀብር ነው አሉ። ሜሮን ሆዷን ይዛ ትስቃለች። አንቺን ስንሸከም ከሳጥንሽ ላይ ጎትተን ያላቀቅናት ልጅ ናት። ስልኩን ለዘነቡ መለስኩላት።

ትናንት ሜሮን ደወለች። ባሏን ይዛ እሑድ ለመልስ ልትመጣ ነው። ያልዳርኩት ልጅ መልስ የለውም፣ መጀመሪያ ሽማግሌ ተመልሶ ይምጣ አልኳት። «አባዬ፣ ተጋብተናል እኮ!» አለች። ዘጋሁት። ከዘነቡ ዘንድ የነበረውንም የግቢ ቁልፍ ተቀበልኩ።

አንቺን እግሬ እስከቻለ ድረስ በየወሩ በሚካኤል መቃብርሽ ላይ ቆሜ አስብሻለሁ፤ ስምሽን ከአፌ የሚያወጣው የለም። እሑድ በሩ ሲንኳኳ ግን አትለምኚኝ። አልከፍትም።

ታደሰ